«ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ»

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጊዜው 2010 ዓ.ም.፣ ወሩ ኅዳር። ደብረ ብርሃንን በኅዳር የሚያውቃት ያውቃታል። ጠዋት ከቤት ስትወጡ ሣሩ በውርጭ ነጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ቢሮ ገብቼ፣ ጋቢ ደርቤ፣ ጣቶቼን በሻይ ብርጭቆ እያሞቅሁ ነበር የምተይበው።

ሥራው የእናቶች ጤና ጥናት ነው። መንዝ ውስጥ ባሉ ጥቂት ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን መጠየቅ። ስምንት መረጃ ሰብሳቢ እፈልጋለሁ። ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ በጤና ሙያ የተመረቀ። ገጠር ወርዶ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ። ሞተር ሳይክል መንዳት የሚችል። ከዚያ ከሁሉ በታች፣ ለብቻው፣ በደማቁ፦ ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ።

አትሜ ለጠፍኩት። ደስ ብሎኛል። ያቺ የመጨረሻ መስመር ጥሩ ሰው መሆኔን የምትመሰክርልኝ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ሳነበው ሰዋስዉ ራሱ ያስቀኛል። የተመረቀ፣ የሆነ፣ የሚችል። ሦስት ጊዜ ወንድ ጠርቼ በአራተኛው ሴቶቹን «በርቱ» እላለሁ። ሞተሩ ደግሞ አለ። በዚያ ዓመት ደብረ ብርሃን ውስጥ ሞተር የምትነዳ ሴት አይቼ አላውቅም። ይህን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። እያወቅሁ ስል ደግሞ አስቤበት ማለቴ አይደለም። ካለፈው ዓመት ማስታወቂያ ገልብጬ ነው። ያለፈውም ዓመት ከዚያ በፊት ከነበረው ተገልብጦ ይሆናል።

ስምንት ወንዶች አለፉ። አንዱ በመጨረሻው ሰዓት ሌላ ሥራ አግኝቶ ቀረ፤ ተጠባባቂዋ ተጠራች። ነርስ ናት፤ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለች። ሞተር አትነዳም። «ከአንዱ ጀርባ ትቀመጫለሽ» አልኳት። «እሺ» አለች። በዚያች እሺ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቅሁም።

ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር አስፋልት ነው። እዚያ ወደ ግራ ታጥፋችሁ ወደ መሐል ሜዳ ትሄዳላችሁ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ባናና በርኖስ ለምን መንዝ እንደሚሠራ ማንም ሳያስረዳችሁ ይገባችኋል።

መጠይቁ ረጅም ነበር። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ስንት ልጅ፣ የት ተወለደ። ወንዶቹ ይህን ሁሉ ጥርት አድርገው ነው የሚሞሉት። መጨረሻው ክፍል ላይ ግን ጥያቄው ጓዳ ይገባል። ከወለዱ በኋላ ሽንት ያመልጥዎታል? ማህፀንዎ ወደ ታች ይወርዳል? ከባለቤትዎ ጋር ሲተኙ ያምምዎታል?

ያረፍንበት አልጋ ቤት መብራት በየምሽቱ ይጠፋል። ሻማ አብርቼ የቀኑን መጠይቅ አገላብጣለሁ። የሰባቱ ወንዶች ወረቀት መጨረሻው ክፍል ላይ ሲደርስ አንድ ዓይነት ነው። የለም። የለም። የለም። መንዝ እንዴት ያለ ጤነኛ አገር ነው ያሰኛል። የልጅቷ ወረቀት ላይ ግን «አዎ» አለ። በማግስቱም አለ። በሦስተኛውም ቀን።

ምን ያሰብኩ ይመስላችኋል? ልጅቷ ዋሸች ብዬ ነዋ። ሰባት ሰው አንድ ነገር ሲል፣ አንድ ሰው ሌላ ሲል፣ የተሳሳተው አንዱ ነው አልኩ። ወይ መልሱን እየጠቆመች ትጠይቃለች፤ ወይ ቤቱ ሳትደርስ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ትሞላለች። በእኛ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። ስለዚህ ሳልነግራት በማግስቱ አብሬ ተነሳሁ።

መንገድ የምትመራን የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነበረች። ዳገቱ ላይ ሞተሩ እምቢ አለ። እኔና አንዱ ልጅ እንገፋለን፣ ሞተሩ ይጮሃል። እሷ «እናንተ ቀስ ብላችሁ ኑ፣ እኛ በአቋራጭ እንውጣ» ብላ ነርሷን ይዛ ሄደች። ላብ በላብ ሆነን ስንደርስ ሁለቱም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

እዚያው ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ አንድ ነገር መጣብኝ። ይህች ሴት ይህን ዳገት በየሳምንቱ ነው የምትወጣው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ገጠር ሁሉ ሲዘረጋ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የተመደቡት ሴቶች ናቸው። ከሠላሳ ሺህ በላይ ናቸው። ሞተር የሰጣቸው የለም። በእግራቸው ነው የሄዱት። እኔ ግን «ሞተር ካልነዳች ገጠር መሥራት አትችልም» የሚል መስፈርት ጽፌ፣ መስፈርቱ ያለበትን ጥናት መንገድ የምታሳየኝ እሷ ናት።

ቤቱ ደረስን። ባልየው ደጅ ላይ ተቀበለን። ሴትየዋ ምጣድ ላይ ገብስ ታምሳለች። ዕድሜዋ ወደ አርባ አምስት ይጠጋል። ሰላምታ ተለዋወጥን። እኔ ብልጥ ነኝና ሁለት ሦስት ጥያቄ ራሴ ሞከርኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም የለብኝ» አለች፣ ዓይኗን ከምጣዱ ሳታነሳ።

ነርሷ ዞር ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ እስቲ ትንሽ ውጭ ቆዩልን።» ባልየውንም «አባቴ፣ አንቱም በጎቹን አሳይዋቸው» አለችው። እንደ ሕፃን ተባብረን ወጣን።

ባልየው ስለ በግ ዋጋ ነገረኝ። አዲስ አበባ ስላለው ልጁ ነገረኝ። ሰውዬው ጨዋታ ያውቃል፤ እኔ ግን ጆሮዬ ቤት ውስጥ ነው። ገብሱ ምጣዱ ላይ ሲንሿሿ ይሰማኛል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ቆመ። ለረጅም ጊዜ ቆመ።

ማታ ወረቀቱን አየሁት። አዎ። ከመቼ ጀምሮ? ከስድስተኛው ልጅ። ለጤና ባለሙያ ተናግረው ያውቃሉ? የለም። ለቤተሰብ? የለም። መልስ ሰጪዎቹ የተናገሩትን ቃል በቃል ጻፉ ብለናቸው ስለነበር ነርሷ ዳሩ ላይ በእስክሪብቶ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስፍራለች፦ «ይኼ ለወንድ ይወራል እንዴ?»

ወንዶቹ ሰነፎች አልነበሩም። ጨዋ ልጆች ናቸው፤ በአክብሮት ነው የሚጠይቁት። የተነገራቸውን ነው የጻፉት። ገመና የሚባል ነገር አለ፤ ገመና ደግሞ ሰው መርጦ ነው የሚወጣው። በጣም የሚያሳፍረኝ ይህን አስቀድሜ ማወቄ ነው። የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶችን የሚያነጋግረው በሴት ጠያቂዎች ነው። ይህን ተማሪዎች ፊት ቆሜ አስተምሬያለሁ። ስላይድ ሁሉ አለኝ።

«አላመንኩሽም ነበር» አልኳት፣ እራት ላይ።

«አውቃለሁ» አለች። ሽሮዋን እየጠቀለለች ነው። ከዚያ ስለ ሞተሩ ነገረችኝ። ለካ መንደሩ ሳይታይ ከሞተሩ እየወረደች በእግሯ ነው የምትገባው። የማታውቀው ወንድ ወገብ ይዛ ስትመጣ ያየች እናት ገመናዋን አትነግራትም። ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት ትጨምራለች። እኔ «ይህች ልጅ ዘገየች» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጽፌባታለሁ።

ማስታወቂያው ላይ ሴቶች ይበረታታሉ ብለን ጽፈን ነበር እኮ አልኳት፤ ለምን እንዳልኩት እንጃ። ሳቀች። «ጋሼ፣ መበረታታቱ ይቅርብኝና መኪና ይኑረን።»

መኪና ተከራየን። ካመለከቱት ውስጥ በሞተር የወደቁ ሦስት ነርሶች ደውለን ጠራን። ወንዶቹ የጤና ጣቢያ መዝገብ ወደማገላበጡ ዞሩ። የቀሩትን ቤቶች ሴቶቹ ጨረሱ። ያለፍናቸውን ቤቶች ግን መመለስ አልቻልንም፤ በጀቱ አለቀ። ያ ሥራ ዛሬም እንከኑን እንደያዘ ተቀምጧል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ምስጋና የምትባል አንቀጽ አለች። «ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ምስጋናችን የላቀ ነው።» አለቀ። ዳገት በአቋራጭ የወጣችው ሴት እዚያ ውስጥ አለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ሪፖርት አለ። በዓለም ላይ ከጤናና ማኅበራዊ ዘርፍ ሠራተኞች 70 በመቶው ሴቶች ናቸው፤ ከፍተኛ የአመራር ቦታ ላይ ያሉት ግን 25 በመቶ ናቸው ይላል። ቁጥሩን ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነሳ አንዱ ወዲያው «ጤና ሚኒስቴርን ሴት እየመራችው ምን ቀረ?» አለኝ። ልክ ነው፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ዶ/ር ሊያ ታደሰ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዶ/ር መቅደስ ዳባ ቦታውን ይዘዋል። ሁለቱም የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ናቸው። ደስ ይላል። መንዝ ውስጥ በር ስታንኳኩ ግን ሚኒስትሯ አብረዋችሁ አይመጡም።

ስለ ምስጋና ካነሳሁ አይቀር፣ እንዶድን ሳልጠቅስ አላልፍም። እናቴ ጋቢ የምታጥበው በእንዶድ ነበር። የአረፋው ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን ነገር ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት የወንዙ ክፍል ሥር ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የበሽታው ተሸካሚ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የዓመታት ልፋት ነው፤ አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አብረው ወሰዱ። ይገባቸዋል። ሴቶች ወደሚያጥቡበት ዓይኑን የሚጥል ተመራማሪ በየቀኑ አይገኝም። የእነዚያን አጣቢዎች ስም ግን እኔ የትም አላነበብኩም።

ወደ ቆላው ልውረድ። መንዝ ከመሄዴ ብዙ ዓመት በፊት ሸዋ ሮቢት አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ከጣርማ በር ብርድ ወርዳችሁ፣ ጋቢያችሁን አውልቃችሁ፣ ማንጎና ሽንኩርት ወደሚሸጥበት ሙቀት ትገባላችሁ። ወባም እዚያ ናት። ለሌላው ሕመምተኛ ኮአርተም እንሰጣለን፤ ሦስት ቀን ወስዶ ይድናል። እርግዝናዋ ሦስት ወር ያልሞላት ሴት ስትመጣ ግን ያኔ የሚሰጣት ኩዊኒን የተባለው ሌላ የወባ መድኃኒት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን። መራራ። ጆሮ ያስጮሃል። ያለዚያም የሚያቅለሸልሻት ሴት ናት። «ዶክተር፣ ያንን የሦስት ቀኑን ስጠኝ» ይሉኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ይሁን። «ላንቺ አይሆንም» እላለሁ። ለምን እንደማይሆን ጠይቃኝ የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች። «አልተጠናም» አልኳት። «ለምን አልተጠናም?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም፤ በእንስሳት ላይ በተደረገ ሙከራ ጽንስ ላይ ጉዳት ታይቷል። ስለዚህ ነፍሰ ጡሮች ከመድኃኒት ሙከራዎች ውጭ ተደረጉ። ለእነሱ ታስቦ ነው። ግን ወባ ነፍሰ ጡር ነሽ ብሎ አይምርም። ኢትዮጵያ ኮአርተምን የመጀመሪያ ምርጫ ያደረገችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እርግዝና የፈቀደው በ2022 መጨረሻ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት! ማስረጃው በብዛት የተሰበሰበው ደግሞ ማርገዛቸውን ሳያውቁ መድኃኒቱን ከወሰዱ ሴቶች ነው። ሳያውቁት ነው ለሌሎቹ መንገድ የጠረጉት።

የኮአርተም መሠረት የሆነውን አርቴሚሲኒንን ያገኘችው ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ናት። ሴት ናት፣ የዶክትሬት ዲግሪም የላትም። እ.ኤ.አ. በ1969 ለምርምሩ ወደ ሩቅ ደሴት ስትላክ ትልቋን ልጇን ሕፃናት ማቆያ፣ ትንሿን ከወላጆቿ ዘንድ ትታ ሄደች። ስትመለስ ልጇ አላወቀቻትም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። ይህን ታሪክ ሳነብ ኖቤሉ ላይ ሳይሆን ልጅቷ ላይ ነው የቆምኩት።

ምክንያቱም ከቢሮዬ ጎን ያለች ባልደረባዬ በአራስነቷ ማግስት የሆነችውን አይቻለሁ። ሕጉ ጥሩ ነበር። ያኔ የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር። መሥሪያ ቤቶች ሕፃናት ማቆያ ያዘጋጁ ይል ነበር። እኛም ዘንድ ክፍሉ ነበረ። በሩ ላይ ጽሑፉ አለ። ውስጡ ደግሞ የተሰበረ ወንበር፣ ያረጀ ፕሪንተርና አምስት ካርቶን የድሮ መጠይቅ። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው፤ ንብረት ክፍሉ ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው። እሷ ልጇን ለማጥባት በምሳ ሰዓት ባጃጅ ይዛ ቤት ትሮጣለች። የምርምር ቡድናችን ደግሞ የሚሰበሰበው ማታ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ «ሁሉም ከክፍል ነፃ የሚሆንበት ሰዓት» እንላለን። ሁሉም ማለት እኛ ነን። በሚቀጥለው ጥናት ዋና ተመራማሪ ማን ይሁን ሲባል ስሟ አልተነሳም። የከለከላት ሰው የለም። ያኔ ቤቷ ነበረች።

አባቶችም ቢሆኑ እንዲያው ነው። በግል ድርጅት የሚሠራ ጓደኛዬ ሚስቱ ስትወልድ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 መሠረት ሦስት ቀን ተሰጠው። ገንፎው እንኳ በወጉ ሳይበላ አለቀ።

የቃለ ጉባኤው ነገር ደግሞ ትንሽ ነው፣ ግን ልንገራችሁ። ስብሰባችን ላይ ሁልጊዜ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሴት ናት። ማንም አልወሰነም፤ እንዲሁ ነው የሆነው። የሚጽፍ ሰው አይናገርም፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይቀጥላል። አንድ ቀን «በስም ተራ በሀ ሁ እንያዝ» አልን። የመጀመሪያው ተራ አለቃችን ላይ ወደቀ። የጻፈውን እስከ ዛሬ ማንበብ የቻለ የለም። በዚያ ስብሰባ ግን ሁልጊዜ ጸሐፊ የነበረችው ልጅ ስለ ናሙና አወሳሰዱ ሩብ ሰዓት ተናገረች። ስህተት አግኝታ ነበር። ለካ ከስድስት ወር በፊት ነው ያገኘችው።

በክራንች የሚሄድ የስታቲስቲክስ ባለሙያም አለን። ስብሰባው ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለም። የሕንፃ አዋጁ 624/2001 አካል ጉዳተኞች የሚገለገሉበት መንገድ ይኑር ብሏል፤ ሕንፃው ግን አልሰማም። እሱ ቀደም ብሎ ይመጣል፤ ሲወጣ እንዲያዩት አይፈልግም። አንድ ጊዜ ምድር ቤት ያለችው መማሪያ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን፤ ምክንያቱ እሱ አልነበረም፣ ላይ ቤት ቀለም ይቀባ ነበር። ነፍሰ ጡሯ ላብራቶሪ ቴክኖሎጂስታችን ገና ስትገባ «እፎይ» አለች። ቀለሙ ደርቆም እዚያው ቀረን።

ያቺ ነርስ አሁን የምርምር ቡድን ታስተባብራለች፤ ሌላ ቦታ። አንዳንዴ ትደውልልኛለች። መንገዱ ሰላም ሲሆንላቸው ወደ ገጠር እንደሚወርዱ፣ ሳይሆን ሲቀር እንደሚመለሱ ትነግረኛለች። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለፉት ዓመታት መረጃ ሰብሳቢን ማታ የት አሳድራለሁ ብሎ መጨነቅ ለወንድም ለሴትም እኩል ሆኗል። እኩልነት እንዲህ ይምጣ አላልንም ነበር፤ እሷም እንዲህ ስላት ትስቃለች።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ጥናት ልንጀምር ነውና ማስታወቂያ ጻፍኩ። የተመረቀ/የተመረቀች። ፈቃደኛ የሆነ/የሆነች። የመስክ መኪና ጥናቱ ያቀርባል። ሁለት ሴቶች በአንድ ቡድን። ማደሪያው ቁልፍ ያለው ክፍል። ይበረታታሉ የሚለውን አጠፋሁት። ለሰው ኃይል ላክሁ።

ከሰው ኃይል ተስተካክሎ መጣ። ፎርማቱን ጠብቀው ነው ያስተካከሉት፤ ክፋት የላቸውም። አምስተኛው ረድፍ ላይ፦ ሞተር ሳይክል መንዳት የሚችል። ከሁሉ በታች፣ በደማቁ፦ ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ።

ሁለቱንም ሰርዤ መለስኩት። ከትናንት በስቲያ እንደገና መጣ። ሞተሩ ወጥቷል። ይበረታታሉ አለ።